የስም ጠሪ መምህርና የወላጅ ግንኙነት በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወላጅ የልጁን ትምህርት የሚከታተለው በካርድ፣ በመገናኛ ደብተር፣ በወላጆች ስብሰባና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በስልክ ነው። ሁሉም የሚያልፉት በአንድ ሰው እጅ ነው፤ በስም ጠሪ መምህሩ ወይም በመምህርቷ። ስም ጠሪ ማለት ጠዋት ስም የሚጠራ፣ ቀሪ የሚመዘግብ፣ ሮስተር (የክፍሉን ተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ መዝገብ) የሚሠራና ካርድ የሚሞላ መምህር ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር አብዛኛውን ትምህርት ብቻውን ስለሚያስተምር፣ ልጁን ከቤተሰቡ ቀጥሎ በቅርብ የሚያውቀው እሱ ነው።

ልማዱ ከዘመናዊ ትምህርት ይቀድማል። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ የልጁን ይዞታ ለወላጅ የሚናገሩት በቃል ነበር፤ ልጁ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደግሳል፣ ሰፈሩም በዚያው ይሰማል። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ ወረቀት ተሻገረ። ወረቀት ግን አንባቢ ይፈልጋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናትና አባት ፊደል እንዲቆጥሩ አድርጓል፤ ፊደል የለየ ወላጅ የልጁን ካርድ ለጎረቤት ማስነበብ አያስፈልገውም። በደርግ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 260/1976 የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ወላጆችን ይዘው ተደራጅተዋል።

የአሁኑ አደረጃጀት የተቀዳው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ስለፈቀደ፣ የልጅን ደብተር ገልጦ መረዳት ከዚያ በፊት ላልታደሉ ብዙ ቤተሰቦች ዕድል ከፍቷል። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የትምህርት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ የወላጅ መምህር ኅብረትን በየትምህርት ቤቱ አቋቋመ። ኋላ ተማሪዎች ሲጨመሩ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ባጭሩ ወተመህ ተባለ። አባላቱ በወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ይመረጣሉ፤ ያቋረጡ ልጆችን ቤት ለቤት ሄደው ይመልሳሉ፣ መዋጮ ያሰባስባሉ፣ የትምህርት ቤቱን በጀት አጠቃቀም ይከታተላሉ። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራምም የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዐቢይ ርዕሰ ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎታል። ኅብረቶቹ የሠሯቸው መማሪያ ክፍሎች ዛሬም ልጆች ይማሩባቸዋል፤ ይህ ሊነገርላቸው የሚገባ ነው። ነገር ግን በብዙ ስብሰባዎች ስለ አጥር፣ ስለ ውኃና ስለ ዴስክ የሚነገረው ያህል ልጆቹ ማንበብ ስለመቻላቸው አይነገርም።

ካርዱ የመንፈቅ ዓመት ውጤት ይይዛል። የትምህርቶቹ ስም ከግራ ወደታች ይደረደራል፤ ከጎኑ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት፣ የሁለተኛውና የሁለቱ አማካይ ይጻፋል። ከታች ድምር፣ አማካይ፣ ጠባይ፣ ቀሪ የሆነባቸው ቀናትና ደረጃ አሉ። በመጨረሻ «ተዛውሯል» ወይም «አልተዛወረም» የሚለው፣ የስም ጠሪው አስተያየትና የወላጅ ፊርማ ይመጣል። ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው ደረጃውን ነው። ሰኔ 30 በሚደረገው የወላጆች ቀን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ልጆች ደብተርና እስክርቢቶ ይሸለማሉ። ደረጃ ልጆችን ያተጋል የሚሉ አሉ፤ ኋላ የቀሩትን ያሳፍራል የሚሉም አሉ። አርባ ሦስተኛ መውጣት ግን ለወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት የሚነግረው ነገር እንደሌለ አያከራክርም፤ ልጁ የቱ ጋ እንደተቸገረ አይታይበትምና።

የካርዱ ጉድለት ጎልቶ የወጣው በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ነው። ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እስከ ሦስተኛ ክፍል በነፃ ዝውውር፣ ማለትም ውጤቱ ዝቅ ቢልም ሳይወድቅ፣ የሚያልፍ ልጅ ካርዱ ላይ «ተዛውሯል» ተብሎ ይጻፍለት ስለነበር፣ ችግሩን ከካርድ ማወቅ ለወላጅ አስቸጋሪ ነበር። ነፃ ዝውውሩ ለጥራቱ መውደቅ ምክንያት ነው አይደለም የሚለው አሁንም ያነጋግራል።

የመገናኛ ደብተር ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። በግል ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሲሆን፣ መምህሩ የቤት ሥራውን ይጽፍበታል፣ ወላጅ ማታ አይቶ ይፈርማል። «የቤት ሥራ አልሠራችም» የሚል ማስታወሻ ቁጣ እንጂ እርዳታ አያመጣም። «ስትደምር ከአንድ ቤት ወደ አሥር ቤት የሚሻገረውን ትረሳለች» ተብሎ ሲጻፍ ግን እናት በዚያው ምሽት በባቄላ ፍሬ አስቆጥራ ልታስተካክለው ትችላለች። ከስድሳ በላይ ተማሪ በታጨቀበት የመንግሥት ክፍል ይህን ለእያንዳንዱ ልጅ መጻፍ ከባድ ነው፤ የሚጽፉ መምህራን ግን አሉ፣ ምስጋናም ይገባቸዋል።

«ወላጅ አምጣ» የሚባለው ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ ከጥፋት ጋር ብቻ ስለተያያዘ፣ ልጆች ታላቅ ወንድም ወይም የሰፈር ሰው ለምነው ይዘው ይሄዱ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ልጁ ጥሩ በሠራ ጊዜም ወላጅ የሚጠሩ ስም ጠሪዎች ይህን ፍርሃት አቃለውታል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ፣ በተለይ በከተሞች የቴሌግራም ቡድኖች ተስፋፉ። መምህራን መልመጃ በፎቶ ይልኩ ጀመር፤ ትምህርት ሲከፈትም ቡድኖቹ ቀጠሉ። መልእክቱ ፈጣን ነው፤ ሆኖም የአንድን ልጅ ድክመት በሁሉም ወላጅ ፊት መለጠፍ ነውር በመሆኑ አስተዋይ መምህራን በቡድኑ የሚልኩት የቤት ሥራና የፈተና ቀን ብቻ ነው፤ የልጁን ጉዳይ ለወላጁ ለብቻው ይጽፋሉ ወይም ይደውላሉ። ስማርት ስልክ በሌለበት ቤት ደግሞ መምህሩ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ በልጁ ደብተር ውስጥ ይልካል።