ጂኦካሺንግ፦ በሳተላይት የሚመራው ድብብቆሽ

ጂኦካሺንግ በስልክ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያ እየተመሩ፣ ሌላ ሰው ደብቆ የተወውን ዕቃ የመፈለግ ጨዋታ ነው። የሚደበቀው ዕቃ «ካሽ» ይባላል። ሐበሻ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ጥሬ ገንዘብ ነው። ቃሉ ግን «መደበቅ» ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ የመጣ ነው። ካሹ ብዙ ጊዜ ውሃ የማያስገባ፣ ምሳ ዕቃ የሚመስል ነገር ነው። ከጣት ጫፍ የማይበልጥም አለ። ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ያገኘው ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ውስጡ አለ።

ጨዋታው የተወለደበት ሳምንት በደንብ ይታወቃል። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ነበር። መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ ይስት ነበር። በ100 ሜትር ስህተት ደግሞ የተደበቀ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ሜይ 1 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ይህ እንዲቆም መወሰናቸውን አስታወቁ። በዚያው ሌሊት በዓለም ላይ ያለ የጂፒኤስ መሣሪያ ሁሉ ዓይኑ በራ።

ሁለት ቀን አልቆየም። ሜይ 3 ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ብዙም በማይርቀው በቢቨርክሪክ አካባቢ፣ ጫካ ውስጥ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ ወንጭፍ፣ የታሸገ ባቄላ፣ ጥቂት ገንዘብም ነበረበት። ከዚያ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ የጂፒኤስ ወዳጆች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አወጣ። ሕጉ አጭር ነበር፦ ያገኘ አንድ ነገር ይውሰድ፣ አንድ ነገር ይተው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው ቀድሞ ደረሰ። ሌሎች ሰዎች የደበቁባቸውን ቦታዎችም በድረ ገጽ መሰብሰብ የጀመረው እሱ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ማት ስተም የተባለ ሌላ ተሳታፊ «ጂኦካሺንግ» የሚለውን ስም አቀረበ። የቀድሞው መጠሪያ «ስታሽ» ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ስለሚያያዝ፣ መቀየሩ ትልቅ ውለታ ነው። ሴፕቴምበር 2 ጄረሚ አይሪሽ የተባለ የድረ ገጽ ባለሙያ የጨዋታውን ዋና ድረ ገጽ Geocaching.com ከፈተ። የተመዘገቡት ካሾች 75 ብቻ ነበሩ። ባልዲው ዛሬ የለም። ቦታው ላይ ግን የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል፤ የባቄላው ቆርቆሮም ተርፎ በተጫዋቾች ስብሰባ ላይ ይታያል።

ጨዋታው ከዚያ በፊትም ነበር የሚሉ አሉ። በእንግሊዝ ዳርትሙር አንድ አስጎብኚ በ1854 ጎብኚዎች ስማቸውን የሚተውበት ጠርሙስ አስቀምጧል ይባላል። ዘመድ ጨዋታ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሳተላይት ግን አልነበረውም፤ ስለዚህ ጂኦካሺንግ የኦሪገን ልጅ ነው።

ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ካሾች በዓለም ዙሪያ ተደብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የቪዲዮ ጌም ፈጣሪው ሪቻርድ ጋሪየት አንዱን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ አኑሯል።

ለጀማሪ ስልክና እስክሪብቶ ይበቃል። የጨዋታውን ነፃ አፕ ጭኖ በአቅራቢያው ያለውን ይፈልጋል። እያንዳንዱ ካሽ ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ የአገኛኘቱ ክብደት፣ ሌላው የመንገዱ። ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ናቸው። መጀመሪያ ላይ ከ2 በታች ያሉትን መምረጥ ነው። ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ ወደ 5 ሜትር ይስታል፤ ዛፍ ሥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «ደርሰሃል» ሲል ስልኩን ኪስ ከትቶ በዓይን መፈለግ ነው። ያለ ምክንያት የተደረደረ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር ጉድጓድ፣ የአጥር ቧንቧ ክዳን። አላፊ አግዳሚ ካለ ትንሽ ይጠበቃል። ሲገኝ ይፈረማል፣ ከውስጡ ነገር የወሰደ የሚመጥን ይተካል፣ ካሹ ልክ እንደነበረ ይመለሳል። ምግብ ዛሬ አይፈቀድም፤ እንስሳት አሽትተው ይቀዳድዱታል።

መደበቅ የበለጠ ኃላፊነት ይጠይቃል። በሁለት ካሾች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት። የቦታው ባለቤት ፈቃድም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዟ ዌዘርቢ ከተማ አንድ ካሽ ቦምብ መስሎ አካባቢው ተዘግቶ እንዲፈነዳ ተደርጓል። አዲስ ካሽ ይፋ ከመሆኑ በፊት በጎ ፈቃደኞች ይመረምሩታል። ያለ አንድ ሳንቲም ይህን ሁሉ ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮም ተጫዋቾች እየተሰበሰቡ ጫካና መናፈሻ ያጸዳሉ።

ፈልጎ ያጣም «አላገኘሁም» ብሎ ይመዘግባል። ብዙ ሰው ይህን ያፍርበታል። የካሹ ባለቤት ግን ዕቃው መጥፋቱን የሚያውቀው ከዚያ ነው።