የብስክሌት መጠገኛ ማቆሚያ፦ ለወሎ ቤት የሚሆነውን መምረጥ

የብስክሌት መጠገኛ ማቆሚያ ብስክሌቱን ከመሬት አንስቶ የሚይዝ የሥራ መሣሪያ ነው። ብስክሌቱ ላይ ተገጥሞ ከሚኖረው የጎን እግር ይለያል። ያኛው ብስክሌቱ እንዳይወድቅ ብቻ ነው የሚደግፈው። ይኸኛው ግን ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር ያደርጋል። ሰንሰለት ሲጸዳ፣ ፍሬን ሲስተካከል፣ ማርሽ ሲቀየር ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ ማየት ግድ ይላል። ጎማው መሬት ከነካ ይህ አይሆንም።

ወሎ ሁሉም ቦታው ለብስክሌት እኩል አይመችም። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ቆቦ ሜዳማ ናቸው። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ከደሴ በሐረጎ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚያወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ላስቲኩ ቸርኬውን ስቶ ጎማውን ቢፈትግ መዘዙ ከባድ ነው። ላስቲኩና ቸርኬው እንዴት እንደሚገናኙ ጠጋ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ጎማውን እያሽከረከሩ ማየት ያስፈልጋል። እኔ እያንዳንዱ ብስክሌት ያለው ቤት ማቆሚያ ቢኖረው ደስ የሚለኝ ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

በየቤቱ የተለመደው ዘዴ ብስክሌቱን ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው ማቆም ነው። ለፈነዳ ጎማ ይህ ይበቃል። ከመነዳሪ አውጥቶ ለመለጠፍ ማንም ማቆሚያ መግዛት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ፍሬንና ማርሽ ላይ ነው። የፍሬን እጀታው መሬት ይጫነዋል፣ የፍሬን ሽቦው ይታጠፋል፣ ግራና ቀኙም ይምታታል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያለው ብስክሌት ከሆነማ ባይገለበጥ ይሻላል። በዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለ አየር ወደ መስመሩ ሊገባና ፍሬኑን ሊያላላው ይችላል።

ማቆሚያዎች በአያያዛቸው ይለያያሉ። በጣም የታወቀው በመንጋጋ የሚይዘው ነው። አንድ ምሰሶ አለው። ከላዩ ክንድ ይወጣል፣ በክንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ላስቲክ የለበሰ መንጋጋ አለ። ብስክሌቱን እንዳለ አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ለቤት ሥራ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሁለተኛው ዓይነት የፊት ጎማ ተፈትቶ ሹካው የሚታሰርበት፣ የፔዳሉ መዞሪያ ደግሞ ከታች የሚደገፍበት ነው። ለውድድር ብስክሌት ጥሩ ነው። በዳዶ ለሚታሰረው የእኛ አገር ከባድ ብስክሌት ግን በየጊዜው የፊት ጎማ መፍታት አድካሚ ነው። ሦስተኛው አጭሩና ርካሹ ነው። የኋላውን ጎማ ብቻ ከመሬት ያነሳል። ሰንሰለት ለማጽዳትና ማርሽ ለማስተካከል ይበቃል፣ የፊት ፍሬን ላይ ግን አይረዳም። ጣሪያው ጠንካራ እንጨት ያለው ሰው በሁለት ገመድ፣ አንዱን ከኮርቻው አንዱን ከመሪው አስሮ ሊሰቅለው ይችላል። ብስክሌቱ ይወዛወዛል እንጂ ሥራው ይሠራል።

ግድግዳ ላይ የሚታሰር ማቆሚያም አለ። ቦታ አይፈጅም፣ ስለዚህ አንድ ክፍል ለተከራየ ሰው ያጓጓል። ግን ቤቱ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ይታይ። የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይዝም። ምስማሩም ብሎኑም የግድ ውስጡ ካለው ቋሚ እንጨት ላይ መግባት አለበት። ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ክፍት ነው። ፊሸር ተደርጎ የታሰረው ማቆሚያ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ ይቆይና ክንዱ ሲጫን ይነቀላል። ማሰር ከተፈለገ በኮንክሪት ዓምዱ ላይ ይሁን። የተከራየ ሰው ደግሞ አስቀድሞ አከራዩን ቢያስፈቅድ መልካም ነው።

ወለሉም ምርጫውን ይወስናል። ባለ ሁለት እግርና ጠፍጣፋ መቀመጫ ያላቸው ማቆሚያዎች ሊሾ ላይ ጥሩ ናቸው። ግቢው አፈር ወይም ድንጋይ ከሆነ ባለ ሦስት እግሩ ይመረጥ። ሦስት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ መሬት ላይም አይንገጫገጭም። አንዱ እግር በትክክል በክንዱ ሥር መዘርጋቱን ማየት ግን አይረሳ። እግሩ ወደ ሌላ ከዞረ ብስክሌቱ ሲሰቀል ሁሉም ተያይዞ ይገለበጣል።

ከውጭ የመጣ ማቆሚያ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ ብየዳ ቤት አለ። ይህን እንደ ሁለተኛ ደረጃ አማራጭ የሚያይ ሰው ተሳስቷል። በዚህ ዕቃ ዓለም ላይ የታወቀው የአሜሪካው ፓርክ ቱል በፈረንጆቹ 1963 ሥራ ሲጀምር መነሻው በቤት የተሠራ ማቆሚያ ነበር። ሁለት የብስክሌት ጠጋኞች ማጎንበስ ሰልችቷቸው ከጠረጴዛ እግር፣ ሲሚንቶ ከተሞላ የመድፍ ቀለህና ከአሮጌ የፎርድ ጭነት መኪና አክስል ገጣጥመው ነው የሠሩት። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ በያጆች ከዚህ የተሻለ ብረት በእጃቸው አለ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ለምሰሶው 1 ከሩብ ኢንች የውሃ ቧንቧ ይወሰድ። 1 ኢንቹ ቧንቧ ውስጡ ይገባል፣ ስለዚህ ከፍታው እንደ ልብ ይስተካከላል። በላይኛው ጫፍ አጠገብ ዳዶ ተበይዶ፣ በዳዶው ውስጥ ብሎን ሲጠብቅ የውስጡን ቧንቧ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ለእግሩ ሦስት ቱቦላሬ ይበቃል። የእግሩ ርዝመት ከክንዱ ማነስ የለበትም። ቦታ የማይለቅ ማቆሚያ ከተፈለገ ደግሞ ያረጀ የመኪና ቸርኬ ውስጡ ኮንክሪት ተሞልቶ ጥሩ መቀመጫ ይሆናል። በጣም ይከብዳል እንጂ አይነቃነቅም። ለመንጋጋው በመሃሉ ግማሽ ክብ የተቆረጠባቸው ሁለት ጠንካራ የእንጨት ቁራጮች ይዘጋጁ። ውስጣቸው ያረጀ ከመነዳሪ ይለጠፍበት። በረጅም ብሎንና በእጅ በሚዞር ዳዶ ይጠብቁ። ሞርሳ ያለው ሰው መጀመሪያ በሞርሳው ቢሞክር የመንጋጋው ነገር ወዲያው ይገባዋል፣ ብረት ለብረት ግን አይግጠም፣ ቀለሙን ይልጣል።

የተሠራም ይሁን የተገዛ፣ ብስክሌቱ የሚያዘው በኮርቻው ቱቦ፣ ማለትም ኮርቻውን ተሸክሞ ከፍና ዝቅ በሚለው ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ጫናውን ይችላል። የቴላዮው የላይኛው ቱቦ ሲያዝ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሮጌው የብረት ብስክሌት ብዙ አይጎዳም። የአልሙኒየም ስስ ቱቦ ይጨራመታል፣ ካርቦን ደግሞ ከውስጡ ይሰነጠቃል። የኮርቻው ቱቦ በጣም ከገባ ለጊዜው ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሲጨርሱ ወደ ቦታው እንዲመለስ በቾክ ወይም በፕላስተር ምልክት ማድረግ ነው።

ክብደቱን ችላ ማለት አይገባም። ከቻይናና ከህንድ የሚመጣው ባለ ትልቅ ጎማ ብስክሌት 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የዕቃ መጫኛው ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። ለቀላል የውድድር ብስክሌት የተሠራ የፕላስቲክ መንጋጋ ለዚህ አይሆንም። ቢያንስ 30 ኪሎ የሚችል ይሁን፣ ምክንያቱም ሲሠሩ የእጅ ጫናም ይጨመርበታል። ከፍታው ቆሞ ለሚሠራ ፔዳሉ እምብርት አካባቢ ሲደርስ ደህና ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሥራት የለመደ ሰው ዝቅ የሚል ይፈልጋል። ለሁለቱም የሚስማማ ማቆሚያ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ይበጃል።

መንጋጋው እንዲዞር መሠራቱ በክረምት በጣም ይጠቅማል። ጭቃ የጠጣ ብስክሌት ፊቱ ወደ ላይ ዞሮ ሲሰቀል ውሃው ይንጠባጠባል፣ ሰንሰለቱም በናፍጣ ለመጥረግ ይመቻል። በናፍጣ ከታጠበ በኋላ ግን በደንብ ይድረቅ፣ ዘይትም ይቀባ። በበጋ አቧራው ስለሚለጠፍበት ትርፉ በጨርቅ ይጠረግ።

ሁሉም ሥራ ማቆሚያው ላይ አይሠራም። የተጣበቀ ፔዳል ለመፍታት ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል። ብስክሌቱ መንጋጋ ላይ ሆኖ ይህን መሞከር ማቆሚያውን ይገለብጣል፣ ካልሆነም የኮርቻውን ቱቦ ያዞራል። ብስክሌቱ ይውረድና ሁለቱም ጎማዎቹ መሬት ላይ ይሁኑ። ቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ጥርሱ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው።