ንብረትን ቶከን ማድረግ (ቶከናይዜሽን) ምንድን ነው?

ቦንድም ሆነ ቤት ራሱ ብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት ዲጂታል መዝገብ) ላይ አይወጣም። የሚወጣው በንብረቱ ላይ ማን ምን ያህል መብት እንዳለው የሚያሳየው መዝገብ ነው። ቶከን የዚያ መዝገብ አንድ ድርሻ ነው።

የአሜሪካውን የኢንቨስትመንት ኩባንያ የብላክሮክን «ቢልድ» ፈንድ እንመልከት። ፈንዱ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን ላይ ተጀመረ። ገንዘቡ የሚቀመጠው በአብዛኛው በአሜሪካ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ሲሆን፣ ንብረቱን በአደራ የያዘው ባንክ ኦፍ ኒውዮርክ ሜሎን ነው። መዝገብ ያዡ ሴኩሪታይዝ የገዢውን ማንነት ያጣራል፤ ከዚያም የዋሌቱን (ቶከን የሚያዝበትን ዲጂታል ቦርሳ) አድራሻ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። ሲጀመር ትንሹ መግቢያ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ቶከኑ አንዱ በ1 ዶላር ስለሆነ ገዢው 5 ሚሊዮን ቶከን ይደርሰዋል። ትርፉ በየቀኑ እየታሰበ በወር አንድ ጊዜ በአዲስ ቶከን ይከፈላል። ዓመታዊው ትርፍ 4 በመቶ ቢሆን፣ በወር ወደ 16,700 ቶከን ይጨመርለታል። ከዝርዝሩ ውጭ ወዳለ አድራሻ ልላክ ቢል ግን ስማርት ኮንትራቱ (ብሎክቼይኑ ላይ ደንቡን በራሱ የሚያስፈጽመው ኮድ) ዝውውሩን አይቀበለውም።

ትልቁ ችግር የሰዓት ነው። ቶከን እሑድ ሌሊትም ይሸጣል፤ ከጀርባው ያለው ባንክ ግን ዝግ ነው። ይህ አንዱ ሁልጊዜ 1 ዶላር እንዲያወጣ ታስቦ በተሠራው ዩኤስዲሲ በተባለ ቶከን ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2023፣ ዓርብ፣ የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ተዘጋ። ከዩኤስዲሲ መጠባበቂያ 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያ ነበር። ቅዳሜ ዋጋው ከ90 ሳንቲም በታች ወረደ፤ መንግሥት እሑድ ማታ ተቀማጮች ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ እንደሚያገኙ ካስታወቀ በኋላ ነው ወደ 1 ዶላር የተመለሰው። ኮዱ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ገዢው ከኮዱ በፊት ሊያየው የሚገባው ገንዘቡ የት ባንክ እንዳለ፣ ማን እንደሚመልስለትና በስንት ቀን እንደሚመልስለት ነው።

ቤት ሲሆን ደግሞ ካርታው ብዙውን ጊዜ ለዚያ ቤት ብቻ በተቋቋመ ኩባንያ ስም ይሆናል፤ ቶከኑ የኩባንያው ድርሻ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ የጥገናው ወጪ ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል፤ ለባለ ቶከኖቹ የሚከፋፈለው የተረፈው ነው። ኩባንያው ቤቱን በድብቅ ቢያስይዝ ብሎክቼይኑ አያውቅም፤ ዕዳው የሚታየው በከተማው የይዞታ መዝገብ ላይ ብቻ ነው።