«ፍርሃቱ ሲለቀኝ እመሰክራለሁ» እና ሌሎች አፍ የሚያስይዙ አመለካከቶች

በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት፣ ማለትም ስለ ክርስቶስ ለሌላው ሰው የመናገር፣ ሥልጠና መስጠት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሥልጠናው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ትምህርቱ አልቆ ወንበር መሰብሰብ ስንጀምር ሁልጊዜ አንድ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቀኛል። ምን እንደሚለኝ ገና ሳይናገር አውቀዋለሁ። «ትምህርቱ ደስ ይላል። እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ጸልይልኝ፤ ፍርሃቱ ሲለቀኝ እወጣለሁ።» ባለፈው ወር ይህን ያለኝ ወንድም የዛሬ አራት ዓመትም ያንኑ ብሎኝ ነበር።

ይህን መስማት ደክሞኛል። በሰዎቹ አልተማረርኩም፤ እወዳቸዋለሁ። የሚያንገበግበኝ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ስንቱን ደህና አማኝ አፉን አስይዞ እንዳስቀመጠው ሳይ ነው። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ግን አብረውት የሚመጡትን ላንሳ።

«የወንጌል ስጦታ የለኝም።» ወንጌል ሰባኪነት አገልግሎት ነው፣ ለተወሰኑ ሰዎች ይሰጣል። ምስክርነት ግን ያየኸውን መናገር ነው። የሐዋርያት ሥራ 8ን አንብቡ። ስደት ሲነሣ ሐዋርያቱ ኢየሩሳሌም ቀሩ፣ ሌላው ምእመን ተበተነ። ቃሉን እየሰበኩ የዞሩት የተበተኑት ናቸው።

«ካልተቀበሉኝ አልተሳካልኝም ማለት ነው።» አቴና ላይ ጳውሎስ አንድ ንግግር አደረገ። ግማሹ ሳቀበት፣ ግማሹ ሌላ ቀን እንስማህ አለ፣ ጥቂቶች አመኑ። ንግግሩ ያው አንድ ነው።

«ሕይወቴ ይሰብካል፣ መናገር አያስፈልገኝም።» ይህን የሚሉ ሰዎች «ወንጌልን ስበኩ፤ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ቃል ተጠቀሙ» የሚለውን አባባል ይጠቅሱልኛል፣ ጣሊያናዊው መነኩሴ የአሲሲው ፍራንሲስ ተናገረው ብለው። በጽሑፎቹ ውስጥ ግን የለም። እንዲያውም ሰውየው ሰባኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1219፣ በመስቀል ጦርነት መሐል፣ ግብፅ ድረስ ሄዶ ሱልጣን አል-ካሚል ፊት ቆሞ ስለ ክርስቶስ ተናግሯል። መልካም ኑሮ ያስፈልጋል፣ ማን ይክዳል? ግን ካልተናገርን ምስጋናው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ለዓመታት አብረን ቡና የጠጣን ጎረቤቴ አንድ ቀን «እናትህ ደህና አድርጋ አሳድጋሃለች» አለችኝ። እናቴ መልካም ሴት ናት። ከመጠጥ ያወጣኝ ግን ክርስቶስ ነው። ያንን ደግሞ አንድም ቀን አልነገርኳትም ነበር።

«መጀመሪያ ብዙ ማወቅ አለብኝ።» እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያን ሚስዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በዮሐንስ 9 ላይ ያለው ዕውር የነበረው ሰውም ፈሪሳውያኑ ኢየሱስ ኃጢአተኛ ነው ሲሉት መጀመሪያ የመለሰው «አላውቅም» ብሎ ነው። ዕውር እንደነበረና አሁን እንደሚያይ ግን ያውቃል፤ እሱን ነገራቸው። የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ «ይህን አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ» በሉ። ሰው በዚህ አይንቃችሁም። ለሁለተኛ ጊዜ የምትገናኙበት ምክንያትም ይሆናችኋል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ፍርሃቱ ሲለቀኝ እመሰክራለሁ።»

ፍርሃቱ ቀድሞ አይለቅም። ማን ነው ይለቃል ያላችሁ? ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ የገባው «በድካምና በፍርሃት በብዙ መንቀጥቀጥም» እንደሆነ ራሱ ጽፏል። እዚያው ከተማ ሳለ ጌታ በሌሊት በራእይ «አትፍራ፥ ነገር ግን ተናገር» አለው። የማይፈራን ሰው አትፍራ አይሉትም። በኋላም እስር ቤት ሆኖ የኤፌሶን ሰዎችን ሲያስጸልይ፣ የለመነው አፉን ከፍቶ በግልጥ እንዲናገር ነው። ይህን የለመነው ስንት ከተማ የዞረ ሐዋርያ ነው! ጴጥሮስና ዮሐንስም ዛቻ ሰምተው ከሸንጎ ሲወጡ ከወገኖቻቸው ጋር ቆመው ድፍረት ለመኑ። ድፍረት የሚለምነው የፈራ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም» የሚለውን ይጠቅስልኛል። እውነት ነው፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7። ችግሩ ጥቅሱን እዚያ ላይ መቁረጣችን ነው። ቁጥር 8 «በጌታችን ምስክርነት ... አትፈር» ይላል። አትፈር እንጂ አትፍራ አላለም። እኔ ይህን ለማየት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የኛ ሰው ስለ እምነቱ እንዳይናገር የሚይዘው ብዙ ጊዜ እፍረት ነው፤ በኛ ቋንቋ ይሉኝታ። ምን ይሉኛል? ጴንጤ ሊሰብከን መጣ ይሉኝ ይሆን? እትዬ እገሌ ፊቷን ታዞርብኝ ይሆን? ይሄ ዱላ አይደለም፣ እስር አይደለም። ይሉኝታ ደግሞ በጾም በጸሎት ብቻ ተባርሮ አይሄድም። አንድ ጊዜ አልፈኸው ስትሄድ ነው አቅሙ የሚታይህ።

ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች በዚህ ውስጥ የላችሁም። እዚያ ሌላውን መስበክ እስርና መባረር ሊያመጣ ይችላል። ጥንቃቄያችሁን ፍርሃት ብሎ የሚወቅሳችሁን ሰው አትስሙት።

እኔ ራሴ ልመሰክር የወጣሁ ቀን ከመገናኛ ታክሲ ይዤ አንድ ወጣት አጠገብ ተቀመጥኩ። ከንፈሬ ደረቀ። ለረዳቱ የምከፍለው የብር ኖት እጄ ላይ በላብ ራሰ። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወረድኩ። ከወራት በኋላ ለሥራ ባልደረባዬ ማኪያቶ እየጠጣን «አባቴ ሲሞት እንዴት እንዳለፍኩት ልንገርህ?» አልኩት። ልቤ ያው እንደ ታክሲው ቀን ይመታ ነበር። ነገርኩት። ስኳሩን አማስሎ «እሺ» አለና ስለ ማታው ኳስ ጀመረ። ሌላ ምንም አልሆነም። በማግስቱም እዚያው ጠረጴዛ አብረን ጠጣን። አጣዋለሁ ብዬ ሁለት ዓመት የፈራሁት ጓደኛ አሁንም ጓደኛዬ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምመክረው ይህን ነው። አንድ ሰው ምረጡ፣ በስሙ ጸልዩለት። ስብከት አታዘጋጁ፤ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ የራሳችሁን ታሪክ አዘጋጁ፣ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። ከመጀመራችሁ በፊት «ልንገርህ?» ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ተዉት። የሰውን ቤተ ክርስቲያን፣ የሰውን መስጊድ አትንኩ። ጴጥሮስ መልስ ስጡ ያለው በየዋህነት ነው። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ኀዘንተኛን አትክበቡ፤ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ይበቃል። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ጌታም ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የላካቸው። ደግሞ ሰውየው ሲያወራ አድምጡ። ብዙ ሰው ለመናገር ሲጨነቅ ማዳመጥ ይረሳል።

ያን ከአራት ዓመት በኋላ የመጣ ወንድም ባለፈው ወር ፍርሃቱ እንዲለቀው አልጸለይኩለትም። «ማን ነው ልብህ ላይ ያለው?» አልኩት። ቶሎ መለሰ፤ ሰፈራቸው ያለ ባለሱቅ፣ በየቀኑ ዳቦ የሚገዛው። ባለሱቁን በስሙ ጠርተን ጸለይን፣ ለወንድሜም አንደበት ለመንኩለት። ሰኞ ማታ ደወለልኝ።

«እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ነገርኩት» አለኝ።

ባለሱቁ ምን እንዳለ ጠየቅኩት።

«ደንበኛ መጣብኝ፣ ነገ ማታ ናና ጨርስልኝ አለኝ።»