ዲቶክስ ምንድን ነው? ልጄን ከሱስ ያድንልኛል?

በቅርቡ አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው ስለ ሱስ አስረዱ። ሱስ በደም ውስጥ የቀረ መርዝ ነው አሉ። ልጁን ለ7 ቀን ከቤት ሳታስወጡ፣ ውሃና ወተት እያጠጣችሁ ብታቆዩት መርዙ ይወጣል፤ ዲቶክስ ማለት ይኸው ነው፤ ከዚያ ልጁ ድኗል አሉ። ብዙ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት እስክሪብቶ አውጥተው ጻፉት።

እኚህ አባት ክፉ አላሰቡም። ግን ጅማ ውስጥ በአእምሮ ህክምና ስሠራ ይህ አነጋገር የሚያደርሰውን ጉዳት በየጊዜው አያለሁ። «ዲቶክስ አስደርገነው ነበር፤ ተመለሰበት፤ ይሄ ልጅ አይድንም» እያሉ ተስፋ ቆርጠው የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጁ ግን ህክምናውን ገና አልጀመረውም።

ዲቶክስ ማለት ሰውነት የለመደውን ነገር ድንገት ሲያጣ የሚመጣውን መናወጥ በሰላም ማሳለፍ ነው። በየቀኑ ለረጅም ጊዜ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮል ጋር ተስማምቶ ይሠራል። አልኮሉ ሲቀርበት ሚዛኑን ይስታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። እኛ ያንን ጊዜ በመድኃኒት፣ በምግብና በክትትል እናሻግረዋለን። ከደሙ የምናወጣው ነገር የለም። አልኮሉን የሚያስወግደው የራሱ ጉበት ነው። ካቲኖን የሚባለው የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገርም በሰዓታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በማግስቱ ይህ ነው የሚባል አይተርፍም። ሱስ በደም ውስጥ የቀረ መርዝ ቢሆን ኖሮ ልጁ በሁለተኛው ቀን በዳነ ነበር።

ታዲያ ደሙ ከጠራ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው? የሚቀረው አንጎሉ የተማረው ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ልክ 9 ሰዓት ሲሆን ሀራራው ይመጣል። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይመጣል። የሚያጠናበት ደብተር ሲከፈት ይመጣል፤ ምክንያቱም ያለ ጫት ማጥናት ረስቷል። ከአባቱ ጋር ሲጋጭ ይመጣል። ይህን 7 ቀን ተቆልፎ የተቀመጠ ልጅ አይረሳውም። እንዲያውም ተቆልፎ ሲቀመጥ የሚያስበው እሱኑ ነው።

ጅማ ነንና በቡና ላስረዳ። ቀይ እሸት ቡና ከማሳ ሲመጣ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል። ይህ ቶሎ ያልቃል። ታጥቦ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ዓይን ይስባል። ግን እርጥብ ነው። እንደወጣ ጆንያ ውስጥ ብትከቱት ይሻግታል። ስለዚህ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይሰጣል፤ በየጊዜው ይገላበጣል። ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈናል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል፣ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል። ቀን ከቀን እየደረቀ ይሄዳል። ደግሞ ሁሉም እኩል አይደርቅም፤ ደመናማ ሰሞን ከሆነ ይዘገያል፤ ባለሙያው እየነካካ ያየዋል እንጂ ቀን ቆጥሮ አይሰበስበውም። ዲቶክስ ማጠቡ ብቻ ነው። ወላጅ ታጥቦ የወጣውን ልጅ ያያል። ፊቱ መለስ ብሏል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይስቃል። ደስ ብሏቸው ወዲያው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ጓደኛ፣ ወደዚያው ባዶ ከሰዓት ይመልሱታል። በወሩ «ሻገተ» ይላሉ። አልደረቀም ነበር እኮ! የሚያገላብጠው ሰው አልነበረም። በእኛ ሙያ ማገላበጡ ቀጠሮ ነው፤ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየ15 ቀኑ፣ ከዚያ በየወሩ።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ደርቆ እንደገና የረጠበ ቡና ጥራቱ ይበላሻል፤ ዋጋው ይወድቃል። ልጅ ግን እንዲህ አይደለም። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ቢያገረሽበት እስካሁን የተማረው አይጠፋም። በሱስ ህክምና ካለፉት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት እንደሚያገረሽባቸው በሙያችን በሰፊው ይጠቀሳል። አኃዙ በአብዛኛው ከውጭ አገር ጎልማሶች የመጣ ስለሆነ ለጅማ ታዳጊ ልክ ነው ብዬ አልምልም። ቁም ነገሩ ግን ማገርሸት የሚጠበቅ ነገር መሆኑ ነው። ሲያገረሽ ቀጠሮው ይቀርባል፣ ዕቅዱ ይስተካከላል። ከቤት ማባረር ውስጥ የለበትም።

አሁን ወደ ታዳጊዎቹ ልምጣ፤ የእነሱ ነገር ከጎልማሳው ይለያል። እኛ ጋ የሚመጡ ብዙዎቹ ነገሩን የጀመሩት በጫት ነው። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ፈተና ነው። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ሌሊቱን ለማጥናት ይቅማሉ። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ይመጣል፤ አረቄ ወይም ቢራ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሰፈር ውስጥ ግን ብርጭቆ ከመቅዳቱ በፊት ዕድሜ የሚጠይቅ ሻጭ ስንት ነው? እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ ለመንቃት አንድ ነገር፣ ለመተኛት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። አመዛዝኖ ለመወሰንና ራስን ለመግታት የሚያገለግለው የአንጎል የፊት ክፍል ደግሞ እስከ 25 ዓመት አካባቢ ገና እየበሰለ ነው። ስለዚህ ልምዱ በቶሎ ሥር ይሰድዳል። እዚያው ላይ ግን በለጋ ዕድሜ ስለሆነ ለመለወጥም ቅርብ ነው።

ጫት ሲቆም ምን ይመጣል? ድካም፣ ድብርት፣ ዱካክ (አስፈሪ ቅዠት)፣ ብዙ መተኛት፣ ብዙ መብላት፣ መነጫነጭ። ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በራሱ ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ አይደለም፤ ለጫት ተብሎ የተሠራ የዲቶክስ መድኃኒትም የለም። ስለዚህ «ለጫት ዲቶክስ አልጋ ፈልጉልኝ» የሚል ወላጅ የማያስፈልገውን ነገር እየፈለገ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። በእነዚያ ቀናት ልጁ ስለ ሞት ካወራ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ከጀመረ፣ ለብቻው አትተዉት፤ በዚያው ቀን አሳዩት። ሰው ይከተለኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ሊገድሉኝ ነው ካለም እንዲሁ። ያ የዱካክ ነገር ላይሆን ይችላል።

ሌላው የሚያናድደኝ ግሉኮስ ነው። «ደሙ ይታጠብለት» ተብሎ ልጁ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ከጫት ሱስ ጋር ምንም አያገናኘውም። ለረጅም ጊዜ በባዶ ሆዱ ሲጠጣ የኖረ ሰው ላይ ደግሞ ጭራሽ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ 1 ተሟጧል። ቢ 1 ሳይሰጠው ግሉኮስ ቢገባለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ለወላጅ ማስረዳት የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው፤ በቅጡ አልሠራነውም።

ወደ ጸበል፣ ወደ ዱዓ የሚሄዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጁ ተስፋና ሰው የሚያገኝበት ከሆነ እኔ አልቃወምም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። መታሰር፣ መገረፍና መድኃኒት ማቋረጥ ግን አይሆንም።

ዲቶክሱ ካለፈ ወይም ካላስፈለገ ዋናው ህክምና ምን ይመስላል? አብዛኛው ንግግር ነው። መጀመሪያ ልጁን ብቻውን እናነጋግረዋለን። ጫቱ ምን ይሰጥሃል፣ ምን ወሰደብህ ብለን እንጠይቃለን። ማቆም አልፈልግም ቢልም እንቀጥላለን፤ ከመቀነስ የሚጀምር ልጅ አለ። ከዚያ ቀኑን ሰዓት በሰዓት እናያለን። ያቺ 9 ሰዓት ላይ የት ትሆናለህ? ማን ይደውልልሃል? ኪስህ ውስጥ ስንት ብር ይኖራል? ከሱሱ ሥር ሌላ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ከልጅነት የመጣ ትኩረት ማጣት፣ እሱም ይታከማል። ቤተሰቡንም እናስተምራለን፤ ምክንያቱም በየምሽቱ አፉን የሚያሸት አባትና በድብቅ ብር የምትሰጥ እናት ባሉበት ቤት ልጁ መሃል ይንገላታል።

«አልጋ የለም ተባልን፣ ስለዚህ ህክምና የለም» የሚለው አነጋገር የመጣውም ከዚሁ ከዲቶክስ ስህተት ነው። አልጋ ውስን ነው፤ እውነት ነው። ለታዳጊ ብቻ የተለየ አልጋማ ይበልጥ ብርቅ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅን ከጎልማሶች ጋር ማስተኛት ደግሞ እኔ የምመክረው አይደለም። ግን አብዛኛው ታዳጊ የሚያስፈልገው ተመላላሽ ህክምና ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል የአእምሮ ህክምና አገልግሎት አለ። ለዚህ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ ለሚመጣ ቤተሰብ እንኳ ከባዱ የትራንስፖርቱ ብርና በየቀጠሮው የሚባክነው የሥራ ቀን ነው። ይህን ስትነግሩን ቀጠሮውን ማስተካከል እንችላለን፤ ዝም ብላችሁ ስትቀሩ ግን አናውቅም።

ልጁን ስታመጡት «የወባ ምርመራ ነው» ብላችሁ አታልላችሁ አታምጡት። በር ላይ ሲደርስ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ እናንተንም እኛንም አያምንም። ወዴት እንደምትሄዱ ንገሩት። የሚነግረን ነገር ለትምህርት ቤቱም ለፖሊስም እንደማይተላለፍ ንገሩት። ሕይወቱን ወይም የሌላ ሰው ሕይወት ለአደጋ የሚጥል ነገር ካለ ግን ዝም አንልም፤ ይህንንም ከመጀመሪያው እንነግረዋለን።

አሁን ዲቶክስ በእውነት የሚያስፈልጋቸውን ልለይ። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ፣ ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቆም የሚጥል ነገር የያዘው ልጅ እቤት በድንገት ማቆም የለበትም። የሚጥለው ነገር ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ባሉት 2 ቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ መቃዠቱና ራስን አለማወቁ በ3ኛው ቀን አካባቢ። ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። ትራማዶል የሚባለውን የህመም ማስታገሻ በብዛት የሚውጥ ልጅም እንዲሁ መታየት አለበት። እሱ ላይ ሌላ አደጋ አለ፤ ለጥቂት ሳምንት ካቆመ በኋላ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም፣ ተመልሶ ያንኑ ያህል ቢውጥ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እኚያ አባት የመከሩት የ7 ቀን ቁልፍ በጣም አደገኛ የሚሆነው በእነዚህ ልጆች ላይ ነው። በሩን አትቆልፉባቸው፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይዛችኋቸው ኑ፣ ምን ሲጠጡና ሲውጡ እንደነበር፣ መጨረሻ የወሰዱትም መቼ እንደሆነ ሳትደብቁ ንገሩን።