«ፖምፓው ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ አየር ስላጠረው የቱርቦ ናፍታ ሞተር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና ሐረጎ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ ሲንፏቀቅ ማየት ለወሎ መንገደኛ አዲስ አይደለም። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ምርመራውን ይሰጣል። «ፖምፓው አልቋል»፣ «ኢንጀክተር ነው»፣ «ቱርቦው ሄዷል»። ፖምፓው ናፍታውን የሚገፋው፣ ኢንጀክተሩ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው፣ ቱርቦው ደግሞ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ። ሦስቱም ግን ኪስ የሚያራግፉ ሥራዎች ናቸው። በትንሽ ወጪ የሚጣራው የአየር መስመር፣ ማለትም አቧራ የሚያስቀረው ፊልትሮና ወደ ቱርቦ የሚወስደው ቱቦ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ሾፌሩ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያ መኪና ነውና ይህ ያሳዝነኛል። ጋራዥና መናኸሪያ ውስጥ የሚዘወተሩትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጥቁር ጭስ ካለ ጥፋቱ የናፍታ ነው»

ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። እስከዚህ እውነት ነው። ሳይቃጠል የቀረው ግን ናፍታው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ሊሆን ይችላል። 1 ሊትር ናፍታ ተቃጥሎ እንዲያልቅ በትንሹ 10,000 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ የባሕር ጠረፍ ሒሳብ ነው፤ ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይበልጣል።

ብዙው የድሮ ሜካኒካል ፖምፓ ፊልትሮው መደፈኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ናፍታውን ይልካል። ስለዚህ ፖምፓው ወርዶ፣ ተስተካክሎ፣ ተመልሶ ሲታሰር ጭሱ ያው ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ጭሱን ለማጥፋት ናፍታውን ያስቀንሳል። ጭሱ ይጠፋል፤ የመኪናው ጉልበትም አብሮ ይጠፋል።

«ጭስ ከሌለ አየሩ ደህና ነው»

በአዳዲሶቹ መኪኖች ይህ አይሠራም። የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለ። አየሩ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ናፍታውን ይቀንሳል። መኪናው አያጨስም፤ ዝም ብሎ ይሰንፋል። ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ሲነበብ «ፒ 0299» (P0299) ሊወጣ ይችላል። ትርጉሙ የቱርቦው ግፊት ከሚፈለገው በታች ነው ማለት ነው። ለምን እንዳነሰ ግን አይነግራችሁም። ኮዱን አይቶ ቱርቦ ግዙ የሚል ባለሙያ ገና ሥራውን አልጀመረም።

«ቱርቦ አየር በግድ ስለሚያስገባ ፊልትሮው ቢደፈን ችግር የለውም»

ብዙ ቱርቦ ያለ ጥፋቱ የሚቀየረው በዚህ አባባል ምክንያት ነው። ቱርቦ አየር አይፈጥርም። የደረሰውን አየር ነው የሚያምቀው። ግፊቱን በእጥፍ የሚያሳድግ ቱርቦ ከሆነ፣ ከፊቱ የጎደለው ከኋላው እጥፍ ሆኖ ይጎድላል። ጉድለቱን ለመሙላት ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። የጭስ ማውጫው ሙቀትም ይጨምራል።

ሌላም ጣጣ አለ። ፊልትሮው ሲደፈን ቱርቦው አፍ ላይ ያለው የመሳብ ኃይል ይበረታል፤ በዘንጉ ማኅተም በኩል ዘይት ወደ አየር መስመሩ ይስባል። ቱቦው ሲፈታ ውስጡ ዘይት ይገኛል። «ቱርቦው ዘይት ያስገባል፣ ይቀየር» ይባላል። አዲሱ ቱርቦ በዚያው በተደፈነ ፊልትሮ ሥር ሲታሰር እሱም ዘይት ይስባል።

«ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው»

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው፤ ሞተሩም ይሰማዋል። ቱርቦ ግን ከጉድለቱ ብዙውን ይሸፍናል። ደግሞስ ሐረጎ አምና ከነበረበት አልጨመረም። አምና ያንኑ ጭነት ይዞ በሦስተኛ ማርሽ የወጣው መኪና ዘንድሮ በአንደኛ ከሆነ፣ የተለወጠው ሞተሩ እንጂ ተራራው አይደለም።

ይህን የማጣራቱ መንገድ ቀላል ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሲወረድ ደግሞ ቆላ ነው። ያው ጭነት እያለ ቆላ ላይ ዳገት ሲያገኝም ካጨሰና ከሰነፈ ከፍታውን ተዉት።

«ፊልትሮውን አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው»

ረዳቱ «አብሽር፣ ዛሬ ጠዋት ነው የነፋሁት» ይላል። ዓይን ግን እዚህ ላይ ያታልላል። ላዩ አቧራ የለበሰ ፊልትሮ ገና ብዙ ሊሠራ ይችላል። ንጹሕ የሚመስለው ደግሞ ወረቀቱ ውስጥ በገባ ጥላሸት፣ ዘይት ወይም የክረምት እርጥበት ታንቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይለካ።

ብዙ የጭነት መኪና ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት ያላት ጠቋሚ አለችው። መሳቡ ሲበረታ ቀይ ይወጣል፤ ቁልፏን ተጭነው እስኪመልሷት እዚያው ይቆያል። ሁልጊዜ ነጭ ከሆነች ግን አትመኗት። ንቀሏትና በንጹሕ ቱቦ በአፍ ሳቧት፤ ካልተንቀሳቀሰች ተበላሽታለች።

ከዚያ የሚሻለው በዚያችው ቀዳዳ ላይ የመሳብ መለኪያ አስሮ ቱቦውን ወደ ጋቢና ማስገባት ነው። ለአብዛኛው ቱርቦ ናፍታ የመጨረሻው ገደብ 25 ኢንች ውሃ አካባቢ ነው፤ ውሃን ወደ 63 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ መሳብ ማለት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናው መመሪያ ውሰዱ። የሚለካው ግን ቆሞ በሚያጓራ ሞተር አይደለም። ቱርቦው ብዙ አየር የሚጠጣው ጭነት ሲኖር ነው። ጭነት ይዞ፣ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ይነበብ።

ፊልትሮው አዲስ ሆኖም ቁጥሩ ከፍ ካለ ከፊልትሮው ፊትና ኋላ ያለውን መስመር ተከተሉ። የአየር መግቢያው አፍ ላይ ፌስታል ተለጥፎ ይገኛል። በውቂያ ጊዜ ገለባ፣ ቆሞ በከረመ መኪና ደግሞ የአይጥ ጎጆ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ከፊልትሮ ወደ ቱርቦ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ነው። ሲያረጅ ይለሰልሳል፤ አንዳንዴም የውስጥ ሽፋኑ ተላጦ ይንጠለጠላል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ደህና ነው። ጭነት ሲመጣ እንደ ጡጦ ተመጦ ይጨማደዳል። ጋራዥ ውስጥ ስለማይታይ ፈትታችሁ ውስጡን በባትሪ እዩት፤ በእጃችሁም ጭመቁት።

«በኮምፕሬሰር መንፋት በቂ ነው»

የጎማ መሙያው ኮምፕሬሰር ለወረቀት ፊልትሮ ኃይለኛ ነው። ከ2 ባር በላይ አትልቀቁ። ከውስጥ ወደ ውጭ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አትንፉ። ከመሬት ጋር ማጋጨትም ወረቀቱን ይቀደዋል። ሲያበቃ ውስጡ መብራት አስገቡና በጨለማ እዩት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች ይጣል። ሁለት ፊልትሮ ላላቸው መኪኖች የውስጠኛው አይነፋም፤ ይቀየራል።

«ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት ነው ጥሩ ምርመራ»

ጉልበቱ ከተመለሰ ፊልትሮው ነው ይባላል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ መንገዱ ግን ሞተር ይገድላል። ከአስፋልት ወጥቶ በጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና የሚስበው አቧራ የቱርቦውን ምላስ (የሚሽከረከረውን ክንፍ) ጫፍ ያደነዝዛል፤ ሲሊንደሩንና የፒስተን ቀለበቱን ይፈጫል። አዲስ ፊልትሮ አስገብታችሁ ያንኑ ዳገት ውጡ። ያው መልስ ይገኛል።

ሞተሩ እየሠራ የቱርቦውን አፍ በእጅ ከድኖ «ይስባል አይስብም» ብሎ መሞከርም አለ። ሥራ ላይ ያለ ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ ጣት ይቆርጣል። እጃችሁን አታስጠጉ፣ ረዳታችሁንም ከልክሉ።