ኢኮ፦ የልብን በር መዝጊያዎች መቁጠር

መሀል አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ስታልፉ «ኢኮ ታዞልኝ ነው» የሚል ሰው አታጡም። ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው። ደረት ላይ ጄል ይቀባል፣ መሣሪያው ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል፣ ልብ ስትመታ በድምፅ ሞገድ ስክሪን ላይ ትታያለች። ጨረር የለውም። በ1953 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ የጀመሩት ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ በ2001 ዓ.ም. በተከፈተው የሕፃናት የልብ ማዕከልም ስለ ቀዶ ሕክምና ከመወራቱ በፊት የሚቀድመው ይኸው ምርመራ ነው።

ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት ትልቁ ቧንቧ አኦርታ ይባላል። መውጫው ላይ ቫልቭ፣ ማለትም በር አለ። ጤነኛው በር ሦስት ስስ መዝጊያዎች አሉት። ከመቶ ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ ግን ባለሁለት መዝጊያ ሆነው ይወለዳሉ። ባለአንድና ባለአራት መዝጊያ በጣም ብርቅ ነው፤ ከሺህ ሰው አንድ እንኳ አይገኝም።

እኛ አገር የልብ በር ሲበላሽ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሩማቲክ ነው፤ በልጅነት በወጉ ካልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚመጣው። ጥርጣሬው ልክ ነው፤ ብዙ ወጣት የሚጎዳው በእሱ ነው። ግን እዚያ ላይ ማቆም ያሳስታል። ሩማቲክ አብዛኛውን ጊዜ ሚትራል የሚባለውን ሌላውን በር አይምርም። ሚትራሉ ደህና ሆኖ የአኦርታው ብቻ ደም ካፈሰሰ፣ መዝጊያዎቹ መቆጠር አለባቸው።

አቆጣጠሩ ዘዴ አለው። በሩ ልክ አግድም እንደተቆረጠ ሆኖ ፊት ለፊት ይታያል። ሦስቱ መዝጊያዎች ሲገጥሙ የመርሴዲስ ዓርማ ይመስላሉ። አራት ከሆኑ መስቀለኛ ይሆናሉ። አስቸጋሪው ባለሁለቱ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተጣብቀው ስፌት የመሰለ መስመር ስለሚተዉ፣ በሩ ሲዘጋ ሦስት ያሉ ይመስላል። ስለዚህ ሲከፈት ነው መታየት ያለበት። ያኔ ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ይጋለጣል። የመጥበቡ መጠን ደግሞ በደም ፍጥነት ይለካል፤ በሴኮንድ 4 ሜትር ከደረሰ ከባድ ነው።

በሩን አይቶ አኦርታውን መተው ግማሽ ሥራ ነው። ባለሁለት መዝጊያ በሆነ ሰው አኦርታው ቀስ እያለ ሊሰፋ ይችላል። 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሰውየው ምንም ባይሰማውም ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ማርፋን የሚባለው የዘር ችግር ካለበት ደግሞ ከ5 ጀምሮ ነው። ሌላው አኦርታው ራሱ አንድ ቦታ ላይ ጠቦ መገኘቱ ነው። እሱን ለማየት መሣሪያው አንገት ሥር፣ ከደረት አጥንት በላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ይያዛል። ገና ወጣት ሆኖ ክንዱ ላይ ግፊቱ ከፍ ያለ፣ እግሩ ላይ ግን ትርታው የደከመ ሰው ይህቺ እይታ በፍጹም ልትዘለልበት አይገባም።

ምስሉ አልጠራ ካለ በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ አለ። ለእሱ ምንም ሳይበሉ መምጣት ግድ ነው።

ባለሁለት መዝጊያነት በዘር ስለሚሄድ እህት፣ ወንድምና ልጆችም ቢታዩ ጥሩ ነው። የድሮ የኢኮ ውጤታችሁንም አትጣሉ። ባለሙያው አኦርታው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሰፋ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ጋር አስተያይቶ ነው።